የምንዳዬ ክንድ

ቁስቋም አካባቢ ጧፍ የሚገዛ ሰው ሁሉ ምንዳዬን ያውቃታል፤ አፍንጫዋን ያየ ግን የለም። አንዲት ሐኪም ስትቀር፤ እሷም ብትሆን ነፋስ ረድቷት ነው። ምንዳዬ ክረምት ከበጋ ነጠላዋን ከዓይኗ ሥር ጀምራ አጥብቃ ትከናነባለች። ሠርግ አያስፈታትም፣ ልቅሶ አያስፈታትም፣ ሰም ስታቀልጥ የምድጃው ወላፈን ፊቷን ሲለበልባት እንኳ አትፈታውም። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ያልለመደ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ ሁለተኛ አይጠይቅም። አንዲት አዲስ ጎረቤት «ምነው እማማ፣ ብርድ መታዎት?» ብትላት፣ «ብርዱስ ገና አሁን በአንቺ አፍ መጣ» ብላ አሰናብታታለች።

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ጧፏም እሷኑ ይመስላል፤ አይጎብጥም፣ አይንጠባጠብም። ጥጡን ራሷ ትፈትላለች፣ ሰሙን ራሷ ታጠራለች፣ ፈትሉን በሰም እያሸች ስታወጣው ለሚያይ ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ደብተራዎቹ የምንዳዬ ጧፍ ከማኅሌት ጋር ቆሞ ያድራል ይላሉ። እሷም ይህን ስትሰማ እንዳልሰማች ትሆንና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች።

ነጠላው የመጣው ከወገራ ነው። ምንዳዬ ያገባችው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ከሚሞቅበት ገደል ሥር ካለ መንደር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ሐረገወይንን አዝላ ሳለች አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጣች። ብጉሯ እንደ ብጉር ፈርጣ አልሄደችም። ቀላች፣ ሰፋች፣ ቅርፊት አበጀች፣ ወደ ጉንጯ ተሻገረች። እምብዛም አያማትም ነበር፤ የሚያማት የሰው ዓይን ነው። የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው አሏት። በጋለ ብረት ተኮሷት፣ ቅጠል ደቁሰው አሰሩባት፣ ጸበል ወስደው አሰነበቷት። ዓመቱ ዞረ። ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ከተዋት በኋላ፣ ቁስሉ ማንም ሳይነካው ከዳር ወደ መኻል እየደረቀ መጣና ዳነ። የአፍንጫዋን ጫፍ ወሰደ፣ ጉንጯ ላይም የተጨማደደ ጠባሳ ተወላት።

ቁስሉ ቢድንም አንድ ቃል ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ቆማጣ የሚል ቃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? አንድ ቀን ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የምትጠጣበት ቅል ከሌሎቹ ተለይቶ በሩ አጠገብ ለብቻው ተሰቅሎ አየች። ማንም ምንም አላላትም። የባሏ እናት እሳት ትቆሰቁስ ነበር፣ ባሏ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ምንዳዬ እንስራዋን አወረደች፣ ቅሉን ከተሰቀለበት አነሳች፣ ልጇን አዘለችና ጎንደር ገባች። ሐረገወይን አድጋ ነገሩን በጠየቀቻት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ ሂጂ ያለኝ የለም፣ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቅሉ እስከ ዛሬ አላት። የቀለጠ ሰም ትቀዳበታለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ መናገሬ ያለ ነገር አይደለም። የሐረገወይን ልጅ ፋሲካ፣ ምንዳዬ ከዓይኗ ብሌን የማትለያት የልጅ ልጇ፣ ሂሳብ አስተማሪ ሆና ሥራ ከያዘች በኋላ ቻላቸው ከሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጋር ተዋደደች። በጎንደር ስንት ሰፈር፣ ስንት ወንድ እያለ ልጁ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች መጡ፤ ወጋቸው ሸጋ፣ ነገራቸው ለዛ ያለው ነበር። ቀጠሮ ተሰጣቸው። በቀጠሮው ቀን ሐረገወይን ቤቷን አጥባ ጎዝጉዛ ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

ያስቆማቸው አያ በላቸው ነው፤ የቻላቸው አባት ታላቅ ወንድም። ወገራ ውስጥ አያ በላቸው አጥንቱን የማያውቀው ቤት የለም። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው እሱ ነው፤ በአንድ በኩል የተደበቀ ዝምድና እንዳይኖር፣ በሌላ በኩል በዘሩ ውስጥ ክፉ በሽታ እንዳይኖር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያለ የፋሲካን ሲቆጥር ከሴት አያቷ ላይ ደረሰ፣ እዚያው ላይ ቆመ።

ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ወሬውን በገበያ ነዝቶ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ቁስቋም መጣ። ሐረገወይን ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ጠላ ሲቀዱለት አመስግኖ አስቀመጠው፤ ከዚያም ያለውን ፊት ለፊት አለ።

«ልጅቷ ሸጋ ናት። እናትየዋም ሸጋ። እመት ምንዳዬን ግን እኔ ከጥንት አውቃቸዋለሁ፤ አገሩም ያውቃቸዋል። ቁምጥና ዘር ይቆጥራል። የወንድሜን ልጅ እያየሁ ገደል አልሰደውም።»

ሐረገወይን በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ፋሲካ ብድግ ብላ ልትናገር ስትል ምንዳዬ በእጇ አስቀመጠቻት። ተቆጥታ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ የተቆጣችበትን ጊዜ አታስታውስም። ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ፣ እሱም ፍርሃት ነው። ምን እንደያዛት በእርግጥ የነገራት ሰው በዕድሜዋ ሙሉ የለም። ቆማጣ ያሏትን ትረግማቸው ነበር እንጂ ውሸታም ናችሁ የምትልበት ማስረጃ አልነበራትም። ሐኪም ቤት ያልሄደችውም ለዚሁ ነው፤ እውነት ነው ቢሏትስ?

ያቺ ነፋስ የረዳት ሐኪም ዶክተር ምሥራቅ ትባላለች፤ የቆዳ ሐኪም ናት፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ከምንዳዬ ጧፍ ትገዛለች። ባለፈው ዓመት ነጠላው በነፋስ ሲገለጥ ጠባሳውን አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይሄ ቁንጭር የሚሉት የቆዳ ቁስል የነበረ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ይምጡና እንየው አለቻት። ምንዳዬ ያን ዕለት፣ እኔ የምሸጠው ጧፍ ነው፣ አፍንጫ አይደለም ብላ ነበር የመለሰችላት። አሁን፣ አያ በላቸው ፊት ተቀምጣ፣ ያ ቃል እንደ ገመድ ተወረወረላት።

«አያ በላቸው፣ ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለች። «ቁምጥና ነው ካሉኝ ይህን ጋብቻ የማፈርሰው እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደክሙም። አይደለም ካሉኝ ደግሞ እዚህ የተናገሩበት አፍ ሠርጉ ዳስ ውስጥ ዋሽቻለሁ ይላል። ሰው የነገረኝን አላምንም እንዳይሉ አብረውኝ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

አያ በላቸው ዱላውን መሬት ላይ ጠቅ አደረገ። ፍርድ የሚወድ ሰው ነውና እሺ አለ።

በማግስቱ ዶክተር ምሥራቅ ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ምንዳዬ ነጠላዋን ስትፈታ አያ በላቸውን አላየችውም፤ ግድግዳውን ነበር የምታየው። ሐኪሟ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለቻትና ከጥጥ ቀጭን ክር አውጥታ ጠባሳውን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረገችው። በነካቻት ቁጥር ምንዳዬ ነካሽኝ ትላለች። አንዴም አልሳተችም። መጨረሻ ላይ ጥጡም ክፉ ጥጥ ነው፣ ይሻክራል አለች።

ዶክተር ምሥራቅ ሳቀች። ቁምጥና ቢሆን ኖሮ የነካው ቆዳ ይደነዝዝ እንደነበር፣ ይህ ግን እንደማንኛውም ቆዳ እንደሚሰማ ለአያ በላቸው አስረዳችው። እሱ በዚህ የሚረታ ሰው አይደለም። ዛሬ ይሰማት ይሆናል፣ የዚያን ዘመኑ ቁስል ምን እንደነበር በምን ይታወቃል፣ ያየ ሐኪም የለ፣ የቆመ ምስክር የለ ብሎ ተከራከረ።

«ምስክርስ አለ» አለች ሐኪሟ። «ሰውነታቸው። ሰውነት ያለፈውን ይይዛል።»

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ነገሩን አወራቻቸው፤ እነሱም እንደ ተረት ሰሟት። ቁንጭርን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ሽኮኮ ካለበት ገደል ከድንጋይ ስንጥቅ የምትወጣ፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ዝንብ ስትነክስ ትተክለዋለች። በሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ የገባውን ወራሪ እየዋጡ የሚፈጩ ሕዋሳት አሉ፤ ዘበኞች ናቸው። የቁንጭር ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ዘበኛው ሲውጠው አይሞትም። እዚያው ዘበኛው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይራባል። ሌባው የተደበቀው ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ከሆነ ማን ይፈልገዋል? ሰፈሩ ሰላም ነው ብሎ ይተኛል፣ ቁስሉ ይሰፋል።

ግን ከዘበኞቹ በላይ አለቆች አሉ አለች። ነገሩን አንድ ቀን ይደርሱበታል። ሲደርሱበት ለየዘበኛው መልእክት ይልካሉ፣ የዋጥከውን እዚያው ሆድህ ውስጥ አቃጥል ብለው። ያን ጊዜ ቁስሉ ከዳር መድረቅ ይጀምራል። የአንዱ ሰው አለቆች ፈጥነው ይነቃሉ፣ የሌላው ዓመት ይፈጅባቸዋል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ሳይነቁ ይቀሩና ቁስሉ ፊቱን ሁሉ ይወርሰዋል። አንዴ ነቅተው ያሸነፉት ግን የዚያን ጠላት መልክ አይረሱም፤ ሰውየው ቢያረጅ እንኳ እነሱ አይረሱም።

ምንዳዬ ከዳር መድረቅ የሚለውን ስትሰማ እጇ ሳታዝዘው ወደ ጉንጯ ሄደ። ይህች ሐኪም ያኔ አልተወለደችም፤ ቁስሉ ከዳር ወደ መኻል እንደደረቀ ለማንም ነግራ አታውቅም።

ለጥናት የመጣ መርፌ እንዳለ ዶክተር ምሥራቅ ነገረቻቸው። የሞተ የቁንጭር ተሕዋስ ጥቂት ክንድ ላይ ቆዳ ሥር ይደረጋል። ሰውነቱ የሚያውቀው ከሆነ በሠልስቱ ቦታው አብጦ ይጠነክራል። የማያውቀው ከሆነ ዝም ይላል። ምንዳዬ እጅጌዋን ሰበሰበች።

አያ በላቸውም ካፖርቱን ማውለቅ ጀመረ። እኔንም ውጊኝ አለ፤ የእሷ ሲያብጥ የእኔ ለጥ ብሎ ሲቀር ልዩነቱ እንዲታይ፣ በእኛ ዘር እንኳን ቁስል ብጉር የለም። ሐኪሟ ለመሆኑ የት ነው ያደጉት ስትለው የአገሩን ስም ጠራላት፤ ከዚያው ከገደሉ ሥር፣ ከምንዳዬ ባል መንደር በታች ያለው መንደር ነው። አንገቷን ነቀነቀችና ወጋችው።

ሁለት ቀን መጠበቅ ለጧፍ ሠሪ ምንም አይደለም፤ ትዕግሥት ሥራዋ ነው። ምንዳዬ ግን ሁለቱን ቀን አልቻለቻቸውም። የመጀመሪያው ቀን ክንዷ እንደነበረ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ቀላ አለ፤ በጣቷ ስትዳስሰው ግን እብጠት የለውም። ሰሙን አሳረረች። ፈትሉን በጠሰች። ካበጠ ቁንጭር ነው፤ ካላበጠስ? ካላበጠማ አገር ሁሉ ያኔውንም ብለን ነበር ይላል፣ እሷም በገዛ አፏ የልጅ ልጇን ጋብቻ ታፈርሳለች። ያን ቃል ባልተናገርኩ ብላ ተመኘች፤ መልሳ ደግሞ ተናግሬ ደግ አደረግሁ አለች።

ፋሲካ ከትምህርት ቤት ወጥታ መጣችና አጠገቧ ተቀምጣ ፈትል ትይዝላት ጀመር። ክንድሽ ቢያብጥም ባያብጥም ቻላቸውን አገባዋለሁ፣ እሱም ቆርጧል አለቻት። ምንዳዬ ተቆጣች። በእኔ ጠባሳ አንገትሽን ደፍተሽ ሰው ቤት አትገቢም፤ ከገባሽ ቀና ብለሽ ትገቢያለሽ፣ አለዚያ አትገቢም ብላ ፈትሏን ቀማቻት። ፋሲካ ከሄደች በኋላ ክንዷን አየችና እንደ ሰው አናገረችው። አንተ፣ የምታውቅ ከሆነ ዛሬ ተናገር አለችው።

በሠልስቱ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ውሃ ስትቀዳ እጅጌዋ ቦታውን ሲነካው አሳከካት። ገልጣ አየችው። ባቄላ የሚያህል፣ የጠነከረ፣ የቀላ እብጠት ተነስቷል። ተጫነችው። አልጠፋም። ምንዳዬ ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ጎረቤት ሰላም ሲላት የሰም ጢስ ነው አለች፤ ምድጃው ገና አልተቀጣጠለም ነበር።

ያስለቀሳት ቁምጥና አለመሆኑ ብቻ አይደለም። ያን ዘመን ሁሉ ብቻዬን ነበርኩ ብላ ታስብ ነበር። ባል ዝም ባለበት፣ አማት ቅል በሰቀለችበት፣ ጸበሉም ብረቱም ባልረዳት ጊዜ፣ ማንም ያላየው ወገን ከቆዳዋ ሥር ነቅቶ ሲዋጋላት ኖሯል። አሸንፎም አልተኛም፤ ሸምግላም እንኳ ጠላቱ መጣ ሲሉት ጎራዴውን ይዞ ወጣ። ይህን ሰውነት ነው እንደ ነውር ስትሸፍነው የኖረችው። አንድ ቀን እንኳ አመስግናው አታውቅም። እብጠቱን በመዳፏ ሸፍና፣ የኔ ጀግና አለችው።

የታኅሣሥ ብርድ ነው። ምንዳዬ ግን እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ከቁስቋም እስከ ሐኪም ቤት በእግሯ ወረደች።

ዶክተር ምሥራቅ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምራ ለካችውና ፊቷ ፈካ። ቁንጭር ነበር፣ ጥርጥር የለውም አለች። አያ በላቸው ግን የለም። ረፈደ። ሊመጣ አይችልም ሲባል ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ግራ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ በሩ ላይ ታየ። የሎሚና የቅቤ ሽታ ከሱ ቀድሞ ገባ።

ሐኪሟ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ አለችው። ንብ ነድፎኝ ነው አለ። የት ነው የነደፈዎት ስትለው ክንዴን አለ። መርፌው የተወጋበት ላይ ነው ወይ ብትለው እዚያው አካባቢ ነው ብሎ ወደ መስኮት ዞረ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ክንዱ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ ሲፈታ የምንዳዬን ባቄላ ሁለት እጥፍ የሚያህል እብጠት ቅቤ ተቀብቶ እያብረቀረቀ ወጣ።

አያ በላቸው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ወላዲቷን፣ እኔ ቁስል ወጥቶብኝ አያውቅም።»

«አምንዎታለሁ» አለች ዶክተር ምሥራቅ። «ዝንቧ እርስዎንም ነክሳዎታለች፤ እዚያ ገደል ሥር ያደገ ሰው እንዴት ያመልጣታል? የእርስዎ ሰውነት ፈጥኖ ነቃና ቁስል ሳይወጣ ጨረሰው። የእማማ ዘግይቶ ነቃ። ጠላቱ አንድ ነው፤ ሁለታችሁም አሸንፋችሁታል።»

አያ በላቸው የራሱን ክንድ አየ፣ የምንዳዬን ክንድ አየ። እሷም አየችው። እሱ እሷን የጠራበት ቃል ተመልሶ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቢፈልጉ እንግዲህ የእርስዎን ዘር እንቁጠር ማለት ትችላለች፤ ወሬውን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ማድረስም አያቅታትም። እንዲህ ያለ ቀን በየሌሊቱ ለምናው ታውቃለች። ቀኑ ሲመጣ ግን ከፊቷ ያለው ቅቤ የተቀባ ክንዱን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሽማግሌ ሆነ። በወደቀ ሰው ላይ መቆም ደግሞ ለእሷ ያንሳታል።

«በሉ አያ በላቸው፣ እንግዲህ ዘመድ ሆንን» አለችው።

ደነገጠ። ዘመድ ከሆኑማ ጋብቻው ሊፈርስ ነው፤ በልማዱ በጣቶቹ መቁጠር ሲጀምር አየችው።

«አይቁጠሩ» አለች። «ዝምድናው በክንድ ነው እንጂ በአጥንት አይደለም። ጋብቻ አይከለክልም።»

አያ በላቸው መቁጠሩን ትቶ ሳቀ። ጋቢው ከትከሻው እስኪወድቅ ሳቀ። ጋቢውን ሲያነሳ ቆይቶ ቀና አላለም፤ ምንዳዬም ፊቱን እስኪያደራጅ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረችለት።

ጥምቀት አለፈና ሠርጉ አምባ ጊዮርጊስ ሆነ። ምንዳዬ ልጇን አዝላ በወጣችበት መንገድ በልጅ ልጇ ሠርግ ተመለሰች። ከመኪናው ስትወርድ ነጠላዋ እንደ ድሮው ከዓይኗ ሥር ታስሮ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ልማድ በአንድ መርፌ አይለቅም። አያ በላቸው ዳሱ ውስጥ እየዞረ እጅጌውን እየገለጠ ለሰው ያወራ ነበር። እብጠቱ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ባወራው ቁጥር ያድጋል። መጀመሪያ ለነገረው ሰው ሎሚ ያህል የነበረው ለመጨረሻው ሰው ብርቱካን አክሏል። ቁንጭርን ያሸነፍን እኔና እመት ምንዳዬ ነን ይላል፤ እሳቸው በግልጽ፣ እኔ በስውር።

ምንዳዬ ጓዳ በኩል ከሴቶቹ ጋር ልትቀመጥ ስትል አያ በላቸው አያትና ተነሳ። በሽማግሌዎቹ መኻል ከጎኑ ቦታ አስለቅቆ አስቀመጣት። ከዚያ ቆመ። ይህች ሴት ቆማጣ ተብላ ነበር፣ ያልነውም እኛ ነን፣ ዋሽተናል አለ። የያዘውን ዋንጫ አፉ ላይ አድርጎ ግማሹን ጠጣ። ቀሪውን ከነዋንጫው በሁለት እጁ ይዞ ለእሷ ዘረጋላት።

ምንዳዬ ዋንጫውን አየችው። በር አጠገብ ለብቻው የተሰቀለው ቅል መጣባት። ለመጠጣት ነጠላው መውረድ አለበት። ከዚህ በፊት ሰው ፊት ስትጠጣ ነጠላውን በጣቷ ከፍ አድርጋ በሥሩ ነበር የምትጠጣው። ዛሬም ልታደርገው ትችል ነበር። እጇን ግን ወደ ማጅራቷ ሰደደችና ቋጠሮውን ፈታችው። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። አንዱ ትንፋሹን ያዘ፣ አንዷ ወደ ሌላ ዞረች። ምንዳዬ ማንንም አልሸሸችም፤ ዋንጫውን ተቀብላ፣ ከዳር እስከ ዳር ሁሉንም እያየች፣ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። እልልታውን የጀመረችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ ሙሽራ እንዲህ አያደርግም ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

ዘፈኑ ደምቆ ሳለ አንዲት ወጣት እናት ከዳሱ ጀርባ ምንዳዬን ጠራቻት። ሕይወት እባላለሁ፣ ቤቴ ከገደሉ ሥር ነው አለች። የታቀፈቻት ሴት ልጅ ፊቷ በሻሽ ተሸፍኗል። ሻሹን ስትገልጠው የልጅቷ ጉንጭ ላይ ቅርፊት ያበጀ ቀይ ቁስል ነበር። የሌሊት ወፍ ነው ብለዋታል። እንደ እርስዎ ራሱ ይድን ይሆን እንዴ፣ ልጠብቅ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ምንዳዬ ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየችው። ራሱ ዳነልኝ ማለት አሁን ኩራቷ ሆኖ ነበር፤ ቀኑን ሙሉም ስትሞገስበት ውላለች።

«የኔስ ድኗል» አለች። «ግን አፍንጫዬን ወስዶ፣ ከአገሬ አስወጥቶኝ ነው የዳነው። ልጅሽ ይህን ለምን ትክፈል? መድኃኒት አለው። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ጎንደር ትወርጃለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ጎንደር በሚወርደው ሚኒባስ ከኋላ ተቀመጡ፤ ምንዳዬ በመስኮቱ በኩል፣ ሕይወት ልጅቷን ታቅፋ መኻል፣ ከዳር ደግሞ ለገበያ ቆሎ የያዘች ሴትዮ። መኪናው እየሞላ ሳለ ምንዳዬ ሻሹን ከልጅቷ ፊት አንስታ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ የልጅቷን ጉንጭ አየችና ሸሸት አለች። ምን ሆና ነው ብላም ጠየቀች። የሕይወት እጅ ወደ ሻሹ ሄደ። ምንዳዬ እጇን ያዘችው።

«ቁንጭር ነው» አለች፣ የፊተኛው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «እኔንም ይዞኝ ነበር።»

ከዚያም ፊቷን ወደ ሴትዮዋ አዞረችላት፣ የጠዋት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስኪያርፍበት። ሴትዮዋ ጠባሳውን አየች፤ በኋላ ከረጢቷን ከፍታ ለልጅቷ ቆሎ ዘገነችላት።